ሐኪሟ ያልሰጠችው መድኃኒት

ከቁርስ በፊት ልጅቷ ቡችላዋን በጀርባው አስተኝታ ሆዱን አየች። ቁንጫ የነከሰው ቦታ ሁሉ ቀልቶ አብጧል፤ በጥፍሩ የቧጨረውም ቆስሏል። ጥጡን በመድኃኒቱ ነክራ ትናንትና ከትናንት ወዲያ እንዳደረገችው ቀባችው። ዛሬ ግን አላከከም። ይንቀጠቀጣል፤ ለሃጩ ጉልበቷ ላይ ይንጠባጠባል።

«ቶሎ በይ እንጂ፣ ሊረፍድብሽ ነው!» አለች እናቷ ከውስጥ።

«እማ፣ ቡችላው አንድ ነገር ሆኗል።»

እናቷ ብቅ ብላ አየችው። «በይ ትምህርቱ ይቆይ። የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ይዘሽው ሩጪ።»

መድኃኒቱን ያመጣው ታላቅ ወንድሟ ነው። ቅዳሜ እሷ ፈተና ስለነበረባት፣ ሐኪሟ ጋ ውሰድልኝ ብላ ለመነችው። «ጣጣ የለውም፣ አንቺ ብቻ ፈተናሽን ድፈኚ» አላት። ሲመለስ አንድ የሽሮፕ ጠርሙስ ሰጣት። «ከሐኪሟ ነው። ጠዋት ጠዋት ቀቢው። ደግሞ ጎበዝ ነው፤ መርፌ ሲያይ እንዳንቺ አላለቀሰም።» በሳቅ ፈርሳ ነበር።

ሐኪሟ የቡችላውን ዓይን በባትሪ አየች። «ምን ተቀባ?»

«እርስዎ የሰጡትን።»

«እኔ? ይህን ቡችላ ገና ዛሬ ማየቴ ነው፣ ልጄ።» ልጅቷ የያዘችውን ጠርሙስ ተቀብላ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። «ይህ መርዝ ነው። ምን ዓይነት እንደሆነ ካላወቅሁ ደግሞ በምን ላክመው? ያመጣውን ሰው ጠይቂ፣ አሁኑኑ።»

በሐኪሟ ስልክ ለወንድሟ ደወለች።

«ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ነገርኩሽ እኮ። ከሐኪሟ ነው።»

«የቷ ሐኪም?»

«ያቺ ነጭ ጋውን የለበሰችው ናታ! ምን ሆነሻል?»

«ፊት ለፊቷ ቆሜያለሁ።»

በስልኩ ውስጥ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ኳስ ሲነጥር ይሰማታል።

«የትኋን መርዝ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከጓዳ ነው የወሰድኩት። በዘይት በጥብጬዋለሁ እኮ! ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ ለግጥሚያ እየጠበቁኝ… ቁንጫም ትኋንም ያው አንድ ነው ብዬ ነው። በእናትሽ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት።»

ሐኪሟ መርፌውን ወጋችው፤ ከዚያ ሁለቱም ጓንት አጥልቀው በሳሙና አጠቡት። ልጅቷ ያን ሽታ አወቀችው። ሦስት ጠዋት ሙሉ «አይዞህ፣ ይሻልሃል» እያለች በገዛ እጇ የቀባችው እሷ ናት።

ማታ ወንድሟ በር ላይ ጠበቃት። «ተረፈ አይደል? በቃ፣ ነገር አታብዢ።»

አልፋው ወደ ማድ ቤት ገባች። እናቷ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«እማ፣ ቢላውን አስቀምጪና ስሚኝ» አለቻት።

ቡችላው በሳምንቱ ድኖ መሮጥ ጀመረ። ወንድሟ «ዝናብ እየመጣ ነው» ሲላት ግን፣ መጀመሪያ ወጥታ ሰማዩን ታያለች። ቃሉን ብቻ ሰምታ ጃንጥላ የምታነሣ እህት ከእንግዲህ የለችውም።