ቅቤ የጠገበው ሞረድ

በቀልሞራ መንግሥት የጥፋቱ ምልክት የታየው በቁርጥ ሥጋ ላይ ነው። በዘውድ በዓሉ ዕለት ንጉሥ ዳርጌስ የአባቶቻቸውን ሰይፍ መዝዘው የሰንጋውን ሽንጥ በአንድ ምት ሊቆርጡ ቢሰነዝሩ፣ ሰይፉ ሥጋው ላይ ተንሸራቶ ቀረ። ደገሙት፤ አሁንም ተንሸራተተ። ሽንኩርት ከትፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ዶልዱሟል» ባለ ነበር። የትንቢት አለቃው ግን ካባቸውን አስተካክለው ተነሡና «ንጉሥ ሆይ፣ ሰይፉ ይጾማል» አሉ። መኳንንቱ ይህን ጉድ በእልልታ ተቀብለው ሽንጡን በእጃቸው እየቦጨቁ በሉ።

ጾሙ ያስቸገረው አግዶር የተባለው ባለ ስድስት እግር አውሬ ከገደሉ ሲወጣ ነው። የአግዶር ቆዳ ሻካራ ስለት ሲነካው እንደ ቀንድ ይጠጥራል፤ ጥርት ብሎ የተሳለ ስለት ግን ሳይታወቀው ያልፈዋል። ያን መሳይ ስለት የሚይዝ ብረት በመንግሥቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ይጾማል። ስለዚህ ጀግኖቹ መኳንንት መክረው መክረው አውሬውን በሰው ሊያባብሉት ቆረጡ። ዕጣ ተጣለ። ዕጣውም፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ አንድም የመኳንንት ልጅ ሳይነካ የንጉሡ ሰይፍ ተሸካሚ የሆነችውን የናርዳን ታናሽ ወንድም ኤርሞንን መርጦ አወጣው። በወሩ መጨረሻ ረፋድ ላይ ገደሉ አፍ ይታሰራል ተባለ።

ናርዳ በዙፋኑ ፊት ሰይፉን አነሣች። «በዚህ ሰይፍ እምላለሁ፤ ወይ አግዶርን እገድላለሁ፣ ወይ ከወንድሜ በፊት እኔ እበላለሁ» አለች። መኳንንቱ አጨበጨቡ። በማጨብጨብ ማን ይችላቸዋል።

ከዚያ ሰይፉን ይዛ ወደ ሳይመር ሄደች። ሳይመር የቤተ መንግሥቱን ሰይፎች ይስል የነበረ ሽማግሌ ነው፤ ጥጋበኛ፣ ተሳዳቢ፣ ከራሱ በቀር ሰው የማይቆጥር። ንጉሡን በፊታቸው ሰድቦ ከከተማ ተባሯል። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰና «በዚህ ነው የማልሽው? በማንኪያ ብትምይ ይሻልሽ ነበር» አላት። ናርዳ ከሐር ጨርቅ ፈትታ የነገሥታቱን ሞረድ፣ የመጨረሻውን ስለት የሚያወጣውን ጥንታዊ ድንጋይ፣ ፊቱ አኖረች። አሸተተው።

«ማነው ቅቤ የቀባው?»

«ሥርዓት ነው አባባ። በየበዓሉ ይቀባል። አሁን አሁን እኔ ነኝ የምቀባው።»

«ይህ ድንጋይ ውሃ ጠጥቶ ጭቃ ያወጣል፤ ብረቱን የሚያጠራው ያ ጭቃ ነው። እናንተ ቅቤ አጠጥታችሁ አፉን ደፈናችሁት። ጾም የምትሉት ይኸው ነው።»

ወንድሟን ለአውሬ ያሰጡት የገዛ እጆቿ መሆናቸው ገባትና አለቀሰች። ሳይመር እስክትጨርስ አልጠበቀም፤ መዶሻውን ይዞ ሌላ ድንጋይ ፍለጋ ወጣ፤ እሷም ተከተለችው።

ሞረዱ የተፈለፈለው ከሸንከር ተራራ ሆድ ነው። መንገዱን የጭጋግ ጅቦች ይጠብቃሉ፤ ዝም ያለ መንገደኛ ይበላሉ። ሳይመር ከግርጌ እስከ ጫፍ ጅቦቹን፣ ንጉሡን፣ ናርዳንና የናርዳን አረማመድ ሲሰድብ ስለዋለ አንድም ጅብ አልቀረበም።

ጫፉ ላይ ያለው ዋሻ ውስጥ ደህና ድንጋይ አልቀረም፤ የድሮ ሰዎች ሙልጭ አድርገው ወስደውታል። የተረፈው መሀል ላይ የቆመው ምሰሶ ብቻ ነው። ሳይመር በጣቱ አንኳኳው፤ በምላሱ ቀመሰው። «ይኸው» አለ።

«አባባ፣ ጣራውን የያዘው እሱ ነው።»

«ዓይን አለሽ ለካ» አለና መዶሻውን አቀብሏት ጀርባውን ከጣራው ሥር አስገባ። «ምቺ።»

«እርስዎን ገድዬማ አይሆንም።»

«ወንድምሽን በቅቤ ለአውሬ ሰጠሽው፤ አሁን ደግሞ በይሉኝታ ልትጨርሺው ነው? ምቺ እንጂ፣ ደደብ።»

መታች። አንድ ክንድ የሚያህል ድንጋይ ተፈንቅሎ ወደቀ። ሳይመር ጣራውን በጀርባው ደግፎ «በውሃ ብቻ» አላት። «መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ። ሂጂ።» ከዋሻው እንደወጣች ተራራው ከኋላዋ ተደረመሰ።

ስትወርድ ድምፅ የሌለው ለቅሶ ያዛት፤ ጅቦቹም ከበቧት። አንዱ ቀሚሷን ሲነክስ አፏን ከፈተች። «ደደብ ሁሉ» አለች፤ «ቅቤ ቀቢ ሁሉ፣ በማንኪያ የምትምሉ ሁሉ።» የሳይመርን ስድብ አንድ ሳታስቀር፣ እንባዋን እየዋጠች፣ ተራራውን ወረደች።

ገደሉ አፍ ስትደርስ ኤርሞን ታስሯል፤ መኳንንቱ ከሩቅ ጉብታ ላይ ጥላ ይዘው ይመለከታሉ። ወንዙ ውስጥ እጇን ታጠበች፤ ድንጋዩን አራሰች፤ ግራጫ ጭቃ እስኪያወጣ አሸችው፤ ሰይፉንም ሳትቸኩል ሳለች። የትንቢት አለቃው «አያብረቀርቅም እኮ» ብለው ከሩቅ አጉረመረሙ። እውነት ነው፤ ስለቱ እስትንፋስ እንዳረፈበት መስተዋት ደብዝዞ ነበር። አግዶር ወጥቶ በኤርሞን ላይ ሲያጎነብስ አንገቱን አንዴ መታችው። መቆረጡ አልታወቀውም፤ ጥቂት ተራምዶ ነው የወደቀው።

ንጉሡ አዲሱ ሞረድ በወርቅ ሣጥን እንዲቀመጥና በሳይመር ስም ቅቤ እንዲቀባ አዘዙ። ናርዳ ድንጋዩን ወስዳ ከወንዙ መሻገሪያ ላይ ተከለችው። ዛሬ ገበሬው ማጭዱን፣ ባለትዳሯ ቢላዋን ይስሉበታል፤ ከዓመት ዓመትም ይሳሳል። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ለሚመጣው ሁሉ የሳይመርን ቃል ትላለች።

አንድ ቀን ንጉሥ ዳርጌስ ራሳቸው ሰይፋቸውን ይዘው መጡ። ጣቶቻቸው ከግብር ሥጋው ገና በጮማ እንደወዙ ነበሩ።

«እጅህን ታጠብ፣ ደደብ» አለቻቸው።

ንጉሡ የተደረመሰውን ተራራ አሻግረው አዩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ታጠቡ።