ባሕር በማር ጠርሙስ

ሔራን ክንዷን እስከ ትከሻዋ አኳሪየሙ ውስጥ ነክራ፣ «ክፈቺ፤ በእናትሽ ክፈቺ» አለቻት ኮራሏን።

ኮራሏ አልከፈተችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሰማያዊው መብራት ሥር የሸሚዝ ቁልፍ በሚያህሉ አረንጓዴ አበቦች ተሞልታ፣ ድምቀቷ በመስኮት ወጥቶ የሹም አቦን ባጃጅ ሁሉ የሚያስቆም ነበር። አበባ ትመስላለች እንጂ እንስሳ ናት፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ከሔራን የሚወርድበት ትምህርት ከአንድ ሴሚስተር አያንስም። አሁን ግን ቁልፎቹ ሁሉ ተጨማድደው፣ ታኝኮ የተተፋ ማስቲካ መስለው ድንጋዩ ላይ ተለጥፈዋል።

ጋሽ ዳኘው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ይመጣሉ።

በባሕር ዳር ቤቱ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ባሕር ያስቀመጠ ሰው በጣት ይቆጠራል። ያን የሚያህል ጣና ደጃፋቸው ላይ ተንጣልሎ፣ እነሱ ጨው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እያስመጡ ባሕር ይበጠብጣሉ። ሰፈርተኛው ይስቅባቸዋል። እነሱ ግን ራሳቸውን ከመርከብ ካፒቴን አሳንሰው አያዩም። የካፒቴኖቹ ሁሉ አለቃ ጋሽ ዳኘው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ኤሌክትሪሽያን፣ ሹም አቦ ላይ ሲስሉ ደቅ ደሴት ላይ ዓሣ የሚበረግግላቸው ሰው። የሔራን ኮራል የተቆረጠችባትን እናቲቱን ኮራል ያሳደጓት ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይወርቅ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ጋሽ ዳኘው ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ፊት ተቀምጠው ኮራሏን «እንዴት አደርሽ» ሲሉ የሰማ ብዙ ነው።

ከእናቲቱ የተቆረጠ ቁራጭ አይሸጥም። አደራ ነው። የሰጪው ከሞተችበት፣ ተቀባዩ ካሳደጋት ላይ ቆርጦ ይመልስለታል። የተቀባዩም ከሞተች በዚያው ዕለት ይናገራል፤ ማንም በሌለ ነገር ተስፋ እንዳያደርግ። የሌሎቹ ካፒቴኖች ቁራጮች መብራት እየጠፋ፣ ፓምፕ እየቆመ፣ አንድ በአንድ አልቀው ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጋሽ ዳኘው ዘንዘልማ ወደ ሠሩት አዲስ ቤት በገቡ ማግስት መብራት ሄደና እናቲቱም ሞተች። የቀረችው የሔራን ብቻ ሆነች።

ያን ዕለት ደወሉላት። ያ ነጎድጓድ ድምፃቸው የት እንደገባ እንጃ።

«ልጄ፣ ያቺ ያንቺዋ አለች አይደል?»

«አለች ጋሼ። እንዲያውም ድንጋዩ ጠቧታል፤ ስመለስ መጥተው ቁራጭ ይወስዳሉ» አለች ሔራን።

ይህን ስትል ከእናቷ ጋር ለክብረ በዓል ደቅ ደሴት ሄዳ ነበር፤ ኮራሏን በዓይኗ ካየቻት ሰንብታለች። የምትጠብቅላት ጓደኛዋ ሲና ናት። ሲና በየቀኑ «ፏ ብላለች» የሚል መልእክት ትልክላት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከጀልባ ወርዳ ቤት ስትገባ ያገኘቻት ግን ይህችን የተጨማደደች ነው።

ሔራን ክንዷን ከውሃው አውጥታ የጨው መለኪያውን አነሣች። ጠብታ ውሃ አኖረችበትና ወደ መስኮቱ አዙራ አየች። መስመሩ ጣራ ነክቷል። ከዚህ ይልቅ የአፋር ጨው ሜዳ ይጣፍጣል።

«ሲና፣ ውሃው ሲጎድል ምን ነበር የምትጨምሪው?»

ሲና አልጋው ጫፍ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። «ያልሽኝን።»

«ምን አልሁሽ?»

«የተጣራ ውሃ። ከቢጫው ጀሪካን። እሱን ነው የጨመርሁት። ምን እንደ ፖሊስ ታፋጥጪኛለሽ አቦ?»

ሔራን ወደ ጥግ ዞረች። ቢጫው ጀሪካን ትታው እንደሄደች እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ባዶ የሆነው ሰማያዊው፣ ጨዋማው ውሃ የነበረበት ነው።

ውሃ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። አኳሪየም በጎደለ ቁጥር የሚጨመርለት ባዶ ውሃ ነው። ሲና ባሕር የጎደለ መስሏት ባሕር ጨምራለች፤ በማግስቱም፣ በማግስቱም። ከዚያ ደግሞ ዋሽታለች።

«ሰማያዊው የት ሄደ?» አለች ሔራን።

ሲና ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች።

ሔራን ምን መደረግ እንዳለበት ታውቃለች። ጋሽ ዳኘው እንደ ውዳሴ ማርያም አስጠንተዋታል፦ ጨው ከበዛ በስኒ በስኒ፣ ቀን እየሰጡ ማቅጠን ነው። ጋሽ ዳኘው ግን ከሰዓት ይመጣሉ። ቀን ከየት ይምጣ? ቢጫውን ጀሪካን ብድግ አደረገችው።

«ቀስ በይ እንጂ፤ በስኒ አይደል?» አለች ሲና።

«ዝም በይ አንቺ።»

የተወሰነ ጨዋማ ውሃ ወደ ባልዲ ቀዳች፤ ከዚያ ጀሪካኑን ዘቅዝቃ ዥው አደረገችው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በዚያች ሰዓት ቢያያት ይቀናባት ነበር። ውሃው ደፈረሰ፤ ከዚያ ጠራ። ሔራን አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። ጠበቀች። እግሯ ደነዘዘ።

ከድንጋዩ ላይ እንደ ክር ያለ ነጭ ንፍጥ ተነሣ። አንዱ ቁልፍ ተላቅቆ ወደ ታች ወረደ። ሔራን እጇን ሰድዳ በጣቷ ስትነካው እንደ ራሰ ሳሙና ሟሸሸ። ሌላውም እንዲሁ። ቤቱን የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ሞላው።

ረግረግ የሆነው ወለል ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ፀሐይወርቅ ያሳደጓት ሁሉ አሁን አለቀች፤ ያለቀችውም በእሷ እጅ ነው። የለም፣ በሲና ነው። ጋሽ ዳኘው ሲገቡ «ሲና ጨው ጨመረችባት፣ ከዚያም ዋሸችኝ» ብትል እውነት ነው። የጀሪካኑን ነገር ማን ይጠይቃል? «ድንጋዩ ጠቧታል» ያለችውንስ ማን ያስታውሳል?

«ሔሩ» አለች ሲና። ድምፅዋ ቀጥኗል። «አንድ ነገር ላሳይሽ፤ ግን እንዳትመቺኝ።»

ቦርሳዋን ከፍታ ክዳኑ የተዘጋ የማር ጠርሙስ አወጣች። ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ አለ፤ ከውሃው በታች ጥፍር የምታህል ድንጋይ፤ ድንጋይዋ ላይ ፍንትው ብለው የተከፈቱ ጥቂት አረንጓዴ ቁልፎች።

ሔራን ከተቀመጠችበት ወደ ጠርሙሱ ተጠጋች።

«በሄድሽ ማግስት ነው የቆረጥኋት። ውሃውንም ያኔ ከዚሁ ቀድቼ ነው» አለች ሲና። «መስኮት ላይ አስቀመጥኋት። ፓምፕ የለኝም፣ በስትሮ ነው የምነፋላት። ጠዋትም ማታም።»

«በስትሮ?»

«ከንፈሬን አታዪውም? ጥሩንባ ነፊ መስያለሁ እኮ።»

ሔራን ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። ክዳኑ ስለተዘጋ ውሃው አልተነነም። ውሃው ስላልተነነ ሲናም ጨው አልጨመረችበትም።

«ሰርቀሽኝ ነዋ።»

«ሰርቄሽ ነው። ብጠይቅሽ ምን ትይኝ ነበር? ‹አንቺ ገና ነሽ›። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትይኝ።»

ሔራን ብላታለች። አንዴ ብቻም አይደለም።

ሲና ጠርሙሱን ዘረጋችላት። «እንኪ። ያንቺ ናት በያቸው። የሞተችውን ሽንት ቤት እንጥላት። እኔም ምንም አልልም፣ አንቺም ምንም አትዪም። ማን ያውቃል?»

ማንም አያውቅም። ሔራን በሐሳቧ አየችው፦ ጋሽ ዳኘው ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ሲቀበሉ፣ ለካፒቴኖቹ ሁሉ «ይህች ልጅ ብቻዋን አተረፈቻት» ብለው ሲያወሩ። ወሬው ጎንደር ለመድረስ ሳምንት አይፈጅበትም።

ከውጭ ሳል ተሰማ። አጥሩ ላይ የነበሩ ወፎች በሙሉ ተነሡ። በሩ በዝግታ ተንኳኳ።

«ሔራን፣ ልጄ፣ አለሽ?»

«አለሁ ጋሼ፣ መጣሁ» አለች ሔራን።

ተነሥታ ክንዷን ወደ አኳሪየሙ ሰደደች፤ የሞተችውን ከነድንጋይዋ አውጥታ ነጭ ሳህን ላይ አኖረቻት። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሲና አሁንም ጠርሙሱን እንደዘረጋች ናት።

ሔራን አልተቀበለቻትም።

«አንቺ ያዢው።»

«እኔ? ምን ብዬ?»

«በስትሮ እንደምትነፊላት ንገሪያቸው። እንዴት እንዳገኘሻትም።»

ሲና ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። «አንቺስ?»

«እኔ ይችን እይዛለሁ» አለች ሔራን። ሳህኑን አንሥታ፣ ውሃው በክርኗ እየተንጠባጠበ፣ በሩን ልትከፍት ሲናን ቀድማ ወጣች።