ጓሳ ላይ የተቀመጥነው አውጫጭኝ

የሙት መንፈስ ወሬ ሲጀመር ከጨዋታው መሀል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ስለሆነ ሰው «ሰማሁ» የሚለው ነገር አብዛኛው ነፋስ ወይም የላላ ገመድ መሆኑን አውቃለሁ። የዚያን ቀኑን ስነግርህ ማሾፍህ አይቀርም፣ ግድ የለም፣ አሹፍ።

በካሴት የምንቀዳበት ዘመን ነው፣ የፈረንጅ የወንጀል ምርመራ አጫጭር ታሪኮችን ለቴሌቪዥን ድራማ እየቀረጽን ነበር፣ ደራሲያችን አንዱን ታሪክ በጣሊያን ጊዜ መንዝ ላይ የሆነ አድርጎታል። በመጽሐፉ መርማሪው ተጠርጣሪዎቹን ሳሎን ሰብስቦ ገዳዩን ያጋልጣል፣ የእኛ ሰው ደግሞ ሳሎኑን ትቶ አውጫጭኝ አደረገው። ድሮ ወንጀለኛው ሲጠፋ የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ ስሙ ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ለዚህ ከመሐል ሜዳ ከተማ ዙሪያ ገበሬዎች ሰብስበን እዚያው መንዝ ጓሳ ተራራ ላይ ወጣን።

አባባ ዘለቀ የሚባሉ ሽማግሌ ከመካከላቸው ነበሩ፣ ብርዱ ሲያንዘፈዝፈኝ አይተው ጋቢያቸውን አለበሱኝ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ፣ ያደሩበትን ቤት ለጣሊያን የጠቆመ ባንዳ አስገድሏቸዋል።

«በዚህችው ሜዳ አውጫጭኝ ተቀመጥን» አሉኝ ማይክሮፎን ሳስርላቸው። «ስሙ ሊወጣ ሲል የጣሊያን ወታደር መጥቶ በተነን። ያን ስም ሳልሰማ ብሞት ዓይኔ አይከደንም፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። ተዋናዩ እየተናገረ ሳለ በማዳመጫዬ ከንግግሩ ስር ሌላ ሰው ሰማሁ፣ ጥርሱን ነክሶ የሚያንሾካሹክ፣ አንድ ነገር ብቻ የሚደጋግም፣ ምን እንደሚል ግን አይለይም። ማዳመጫውን ሳወልቅ ጸጥ፣ ስመልሰው አለ። ማይክሮፎኖቹን አንድ በአንድ ዘጋኋቸው፣ እመነኝ፣ ሁሉንም ዘግቼ ድምፁ አልቆመም።

አዘጋጁ «በቃ፣ ጉሙ አበላሸን፣ ተነሱ» አለ። አንድም ገበሬ አልተነሳም።

«አውጫጭኝ እንዲህ አይነሳም» አሉት ገበሬዎቹ ዝግ ብለው። ነገሩ ለእኛ ጨዋታ ነበር፣ ለእነሱ ግን ያ የተበተነው ገና አላለቀም።

አባባ ዘለቀ ወደ እኔ መጡ። «ምን ሰማህ? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«እንጃ፣ አባባ።»

«እስቲ እኔ ልስማው፣ ልጄ።»

ማዳመጫውን አደረግሁላቸው። አዳመጡ፣ ከዚያ ቀስ ብለው አወለቁና ትክ ብለው አዩኝ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«በእናትህስ?»

እናቴ እዚያው መንዝ የሞላሌ ሰው ናት፣ የአባቷን ስም ጠራሁላቸው።

ጋቢያቸውን ከትከሻዬ ላይ አንስተው ለበሱ፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ተነሱ፣ ስሙ ወጥቷል» አሉ። ሁሉም ተነሳ፣ ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፣ ሲያልፉ ግን ሰላም አላሉኝም። እኔ ፈራሁ፣ ምኑን እንደፈራሁ ሳላውቅ ፈራሁ።

ካሴቱን አዲስ አበባ ወስጄ ደጋግሜ ሰማሁት፣ ነፋስ ብቻ ነው። እናቴ ዘንድ ሄጄ «አባትሽ በጣሊያን ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?» አልኳት፣ እንደ ዋዛ አድርጌ።

ለምን ጠየቅህ አላለችኝም። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና «ማን ነገረህ?» አለችኝ።

እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ምን ብዬ ልመልስላት?