የመቶ አለቃ ኮርሳ የዋንዛ በር

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፣ በነፋስ ስልክ ቤቱ ሁሉ ለመንገድ ተለክቶ በሚፈርስበት ሰሞን፣ ጎረቤቱ ፍሪጁንና ሶፋውን ሲያወጣ ወይዘሮ አማከለች በራቸውን አስነቀሉ፤ ሟች ባላቸው መቶ አለቃ ኮርሳ በገዛ እጃቸው የሠሩት የዋንዛ በር ነበርና፣ ከቤቱ እሱ ብቻ እንዲተርፍ ፈለጉ። አስጭነው ጎፋ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪው ወጋየሁ ዘንድ ወሰዱት፤ ለልጅ ልጄ ለሶሬቲ ማንዶሊን ይሁንልኝ አሉ።

ወጋየሁ ሳንቃውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ።

«ለጀርባው ግሩም ነው፣ እማማ። ፊቱ ግን ዝግባ ይሁን፤ ዋንዛ ይከብዳል፣ ድምፁን ያፍነዋል።»

«የተረፈው ሳንቃስ ለማን ሊሆን ነው?»

«ለእርስዎ ነዋ።»

«አናጢው ቀጄላም እንዲሁ ብሎኝ ነበር። የቁም ሳጥኔ እንጨት ዛሬ ሚስቱ ራስጌ ኮመዲኖ ሆኖልሃል።»

የማንዶሊኑ ጀርባ ክብ ይሁን ወይስ ዝርግ ሲላቸው፣ ክቡ በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ እንደሚለመጥ፣ ዝርጉ ግን ከአንድ ሰፊ ሳንቃ እንደሚወጣ ጠይቀው ተረዱ፤ ዝርግ አሉ፤ የበራቸውን እንጨት መስመር በዓይናቸው ያውቁታላ። በዚህም አላመኑም፤ ወጋየሁ ሻይ ሊያዝላቸው ወጣ ሲል፣ ከመቀነታቸው ምስማር ፈትተው በራሱ መዶሻ ሳንቃው ጠርዝ ውስጥ ቀበሩና አፈር ቀቡበት፤ ቢለውጠው ሊያጋልጡት ነው።

በሳምንቱ ሲመለሱ ሰፊው ሳንቃ ለሁለት ተሰንጥቆ ቆያቸው። ወጋየሁ መጋዙን ይዞ ሳንቃውን ያሰነጠቀውን ምስማር ፊታቸው አስቀመጠ።

«ይሄ ከየት መጣ፣ እማማ?»

«የበሩ ነው። አርጅቷል እኮ።»

«በሩ አርባ ዓመቱ ነው፤ ምስማሩን ግን ዝገት አልነካውም።»

ወይዘሮ አማከለች ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቤቱ ፍርስራሽ ሆኗል፤ ሌላ ሳንቃ ከየት ይመጣል? ድምፃቸው ቀነሰ።

«በቃ ማገዶ ሆነ ማለት ነው?»

«ለዝርግ አይበቃም። ሰንጥቄ ክብ ላድርገው፤ ፊቱ ዝግባ።»

«እሺ። ፍቅፋቂውን ግን እወስዳለሁ።»

ወጋየሁ ሳቀና ማዳበሪያ ያዘላቸው።

የዚያ ዘመን መዝገብ የመንገዱን ስፋትና የፈረሰውን ቤት ብዛት ይዟል፤ የማን በር ከምን እንጨት እንደነበር የጻፈ የለም። ሶሬቲ ስትጫወት ሰው የሚያደንቀው ፊቱን ነው፤ ፊቱ ደግሞ የባዳ ዝግባ ነው፤ የመቶ አለቃው ዋንዛ ከኋላ፣ ከልጅቱ ሆድ ጋር ተጣብቆ፣ ማንም ሳያየው ይርገበገባል።