የዋንዛው ሳንቃ

«የጥዱን እንጨት ሞክሪው እንጂ!» አሉ አናጺው አቶ እጅጉ።

«ሞክሬዋለሁ አባዬ። በጣም ቀላ፤ አይገጥምም።»

ሠርክአዲስ የድሮውን የሸክላ ማጫወቻ ሳጥን በመዳፏ ዳበሰችው። የቡሬዋ ባለ ሆቴል ወይዘሮ አቻምየለሽ ናቸው እስከ ፍኖተ ሰላም ያመጡት፤ አንዱን ጎኑን ምስጥ በልቶባቸዋል። «የተጠገነ እንዳይመስል አደራ!» ብለው ሄደዋል። እንጨት መምረጥ ደግሞ የሠርክአዲስ ሥራ ነው። የአባቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ ቀለም የምትለይላቸው እሷ ናት።

ባሕር ዛፉ ይሰነጠቃል። ኮምፔንሳቶ ላይ ስስ ልባጥ ለጥፎ ቫርኒሽ መደፋፋት ደግሞ ሌላውን ያታልል እንደሆን እንጂ እሷን አያታልልም። የሚገጥመው አንድ ብቻ ነበር፤ ጣሪያው ሥር የተጋደመው ቡናማ የዋንዛ ሳንቃ።

«እሱን እንዳትነኪው» አሉ አባቷ ወደ ጣሪያው ማየቷ ገብቷቸው። «የሰርግሽ ሳጥን ነው።»

ነገሩ ይኸው ነው። በእነሱ ቤት ሴት ልጅ የምትዳረው አባቷ በሠራላት የዋንዛ ሳጥን ልብሷን ከትታ ነው። ሳንቃው እሷ ከተወለደች ጀምሮ ሲደርቅ ኖሯል። እሑድ ደግሞ ከደምበጫ ሽማግሎች ይመጣሉ። ገና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እሷን የጠየቃት የለም። በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ስንት ይወራል፤ ቤት ሲገባ ግን ማን ሰምቶ! ሳጥኑ ተሠራ ማለት ትምህርቱ አበቃ ማለት ነው።

አባቷ ሚስማር ሊገዙ ሲወጡ ሳንቃውን አወረደችው። በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውለው መስመሮቹ ብቅ አሉ፤ ከማጫወቻው ጋር ቁርጥ አንድ! ግን የሚመሳሰለው ዳሩ አይደለም፤ መሃሉ ነው። ከመሃል ከተቆረጠ ደግሞ ለሰርግ ሳጥን አይሆንም። በእርሳስ አሰመረችና መጋዙን አሳረፈችበት።

አቶ እጅጉ ሲመለሱ መጋዙ ሳንቃውን አጋምሶታል።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ! አበድሽ?»

«የሚገጥመው ይሄ ነው። ምረጪ አሉኝ፤ መረጥኩ።»

«ሽማግሎቹንስ ምን ልበላቸው?»

«ሳንቃው አለቀ ይበሏቸው።» ዓይኗን አልሰበረችም። «ልጅቷም አላገባም፣ ትምህርቴን አልተውም ብላለች ይበሏቸው።»

አባቷ ጎንበስ ብለው የሳንቃውን መስመር ከማጫወቻው ጋር አስተያዩ። መግጠሙን መካድ አልቻሉም፤ ንዴታቸው ግን አልበረደም። እጃቸውን ዘረጉ።

«መጋዙን አምጪ።»

«አልሰጥም አባዬ። እኔው እጨርሰዋለሁ።»

ጉልበቷን ሳንቃው ላይ አጸናችና መጋዙን ሳበችው።