ያልተሳለው ስጦታ

ጩቤ ሠሪው ዲሪር፣ ድሬ መጋላ ሰፈር ካለችው ጠባብ ሱቁ ውስጥ፣ ከብረት መቀጥቀጫ መስፉ አጠገብ በጎኑ ወድቆ ተገኘ። ደረቱ ላይ የተሰካችው ጩቤ የገዛ እጁ ሥራ ነበረች። ዕድሜውን ሙሉ የአሮጌ መኪና ባሊስትራ እየቀጠቀጠ ለወዳጆቹ ጩቤ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ በራሱ ጩቤ! ይሄ ምን ይባላል? መጋላ ያን ዕለት «ኢናሊላሂ» ከማለት ሌላ ቃል አጣች።

ኢንስፔክተር ኑርሀን ስትደርስ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ሚክዳድ፣ እሱም ጩቤ ሠሪ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። እጁ በደም ተነክሯል።

«ጩቤዋ የኔ ናት፤ ዲሪር ነው የሰጠኝ። የገደልኩትም እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አታስቸግሪ።»

«ለምን ገደልከው፣ አዴር?»

«ተጣላን።»

«በምን?»

«አቦ! ተጣላን አልኩሽ፣ ተጣላን!»

«አዴር» ብላ እንደ አጎት እየጠራችው «አንተ» ማለቷ ለእንግዳ ሰው ግራ ይሆናል። ድሬ እንዲህ ናት፤ አክብሮቷን በአንቱታ አትለካም። ኑርሀን የዚሁ ሰፈር ልጅ ናት። ዲሪርና ሚክዳድ አንዱ የሌላውን ወናፍ ሲነፋ እያየች ነው ያደገችው። ሳይጠየቅ የሚመጣ ኑዛዜ ደግሞ አይጥማትም።

«ስለቷን ማን አወጣላት?»

«እኔ። ቤቴ፣ በድንጋይ።»

ኑርሀን ጩቤዋን ወደ ብርሃን አስጠግታ አየቻት። ከጫፏ እስከ እጀታዋ ድረስ ብረቱ እሳት ላይ እንደተረሳ መጥበሻ ሰማያዊ ሆኗል። አፎቷ የለም። ቀና ስትል ሚክዳድ ጩቤዋን ላለማየት ፊቱን አዙሯል።

በማግስቱ የሚክዳድ ልጅ አያን ቢሮዋ መጣች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«አባቴ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው» አለች። «እናታችን ከሞተች ወዲህ እናትም አባትም እሱ ነው። እስር ቤት ከገባ ይሞትብኛል። እውነቱን አውጪና ቤቱ መልሽልኝ፤ ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

«እውነት እንደፈለግነው አትወጣም፣ አያን።»

«ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?»

ኑርሀን እስክሪብቶዋን አነሳች። ያን ቀን ቤት ውስጥ ምን እንደነበር ጠየቀቻት።

«ምን ይኖራል! መብራት ጠፍቶ በሙቀት ስንቀቀል ዋልን። ከሰዓት በኋላ የዐስር አዛን ሊል ሲል መብራቱ መጣ። ሳላሕ ወንድሜ ‹መጣልኝ!› ብሎ የሆነ ነገር በፎጣ ጠቅልሎ ወደሚሠራበት ብየዳ ቤት ሮጠ። አባዬም መስጊድ ሄደ። በቃ።»

የኑርሀን እስክሪብቶ ቆመ። አያን አላስተዋለችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

ጨርቅ ነጋዴው አብዲቃድር ጩቤ ሰብሳቢ ነው፤ የሳሎኑ ግድግዳ ጩቤ ብቻ ነው። ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ የሰማ ሰው ስላለ፣ ኑርሀን ስትመጣበት ላብ አጠመቀው።

«ተጨቃጨቅን፣ አልክድም። ሽጥልኝ አልኩት፤ ለወዳጅ የሚሠራ አይሸጥም አለኝ። በዚህ ሰው ይገደላል? እስኪ በአላህ!»

«ዐስር የት ሰገድክ?»

«መስጊድ፣ ከሚክዳድ ጎን። ዲሪር እግሩን ስለሚያመው ሱቁ ውስጥ ነው የሚሰግደው። ስንወጣ ሚክዳድ ልየው ብሎ ቀደመኝ። ተከትዬው ስገባ ደሙ ረግቷል።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተናገርክም?»

«ሚክዳድ ‹ወዳጄ ከሆንክ ዝም በል› አለኝ። ምን ላድርግ?»

«ጩቤዋን ከዚያ በፊት አይተሃት ታውቃለህ?»

«ዋዜማውን ሚክዳድ ቤት ጫት ስንቅም፣ በርጫ ላይ፣ ከግድግዳ አውርጄ ጣቴን አሻሸሁባት። ማንኪያ ናት! የስጦታ ጩቤ ሳይሳል ነው የሚሰጠው። ‹በአንተ ላይ ስለት አላወጣም፤ ስለቱን ራስህ አውጣ› ማለት ነው። ከባለቤቱ በቀር ማንም አይስላትም። ሚክዳድ ደግሞ ስሏት አያውቅም። ‹ዲሪር እያለ ምን ጠላት አለኝ?› ይላል።»

«ሳላሕስ ከዲሪር ጋር እንዴት ነበር?»

«አይ፣ ያ ግራኝ! ከታላቅ ሠሪ ጩቤ ያልተቀበለ ሠሪ አይባልም፤ አባት ደግሞ ለልጁ አይሰጥም። ሳላሕ የዲሪርን ሲጠብቅ ከረመ። ዲሪር ግን በሰው ፊት ‹ትቸኩላለህ፣ ብረት ታቃጥላለህ፣ ገና ነህ› ይለዋል።»

ብየዳ ቤቱ ውስጥ ሳላሕ የመስኮት ፍርግርግ ሲበይድ አገኘችው። ጎልማሳ ነው፤ የአባቱ ግንባር አለው።

«አዴር ዲሪር እንደ አባቴ ነበር» አለ።

«ታዲያ አባትህ ለምን ገደለው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ሲያወራ ዓይኑ ሁሉም ቦታ ይሄዳል፤ ጥግ ላይ ወዳለው በመብራት የሚሠራ መሳያ፣ ወደ ግራይንደሩ፣ ብቻ አይሄድም። ኑርሀን ይህን ያዘች።

በኋላ ሁሉንም ዲሪር ሱቅ ሰበሰበቻቸው። ሚክዳድ እጁ በካቴና፣ አብዲቃድር በሩ ላይ፣ አያን የወንድሟን ክንድ ይዛ። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል።

«አዴር ሚክዳድ፣ ዋሽተኸኛል» አለች ኑርሀን። «በድንጋይ ሳልኳት አልከኝ። ድንጋይ ብረት አያቃጥልም። ይህን ሰማያዊ ጠባሳ የሚያወጣው ግራይንደር ነው፣ ያውም ቸኩሎ የሚጫን እጅ። አንተ ደግሞ ግራይንደር ቤትህ አስገብተህ አታውቅም። ዋዜማውን ጩቤዋ ደነዝ ነበረች። በማግስቱ መብራት የመጣው ለዐስር አዛን ሊል ሲል ነው። ከዚያ በኋላ አንተ መስጊድ ነበርክ። ስትደርስም ደሙ ረግቶ ነበር።»

«ተይ ልጄ» አለ ሚክዳድ። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ተይ።»

ኑርሀን አልተወችም። ከቦርሳዋ የጩቤዋን የቆዳ አፎት አወጣች። «ብየዳ ቤት፣ ከግራይንደሩ ሥር አገኘሁት።»

የአያን እጅ ከወንድሟ ክንድ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ለመግደል እንዳልሳልካት አምናለሁ፣ ሳላሕ። እንደምትችል ልታሳየው ነው።»

ሳላሕ አባቱን አየ። ሚክዳድ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመው።

«እይ አልኩት። አየና ‹ገደልካት› አለኝ። ‹የአባትህን ጩቤ አቃጥለህ ገደልካት። በዚህ እጅህ ነው ጩቤ የምትቀበለው?› ብሎ ሳቀ። ወላሂ ሳቀብኝ! ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አላውቅም።»

«አባትህ ግን ቃጠሎውን እንዳየ የማን እጅ እንደሆነ አወቀ» አለች ኑርሀን። «ዲሪር በሰው ፊት ሲገሥጽህ የኖረበት ጥፋት ነው።»

እዚህ ላይ ብታቆም በተሻለ ነበር። ግን የጀመረችውን ካልጨረሰች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት፤ በሽታዋ ነው እንግዲህ። ከዲሪር መሣሪያ ሣጥን ውስጥ በፍየል ቆዳ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ለሳላሕ ሰጠችው።

«ፍታውና ያዛት።»

አዲስ ጩቤ ናት። ስለቷ አልወጣም። ሳላሕ በግራ እጁ ሲይዛት ጣቶቹ እጀታው ላይ የተፈለፈለላቸው ቦታ ልክክ ብለው ገቡ። በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ እጀታ አያሠራም።

«ዲሪር የሞተ ቀን ሣጥኑ ውስጥ ሳገኛት የእጀታዋ ዘይት አልደረቀም ነበር» አለች ኑርሀን።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አለ ሳላሕ። «አንድ ቃል ቢለኝ ምን ነበረበት?» ጩቤዋ ከእጁ ወደቀች፤ እሱም መሬት ላይ ተዘረፈጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። አብዲቃድር ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ካቴናው ከአባት እጅ ወጥቶ የልጅ እጅ ላይ ገባ። ሳላሕን ይዘውት ሲወጡ ደጅ የተሰበሰበው ሰው መንገድ ለቀቀ። ሚክዳድ ነጻ ነው፤ አያን የለመነችው ሁሉ ተፈጽሞላታል። እሱ ግን ከጓደኛው መስፍ አጠገብ ተቀምጦ አልነሳ አለ።

«አባዬ፣ ቤት እንሂድ» አለች አያን።

«ስለ መብራቱ ማን ነገራት?»

አያን ኑርሀንን አየች። ኑርሀን «ራሴ አጣርቼ ነው» ልትል ፈለገች። በሥራ ዘመኗ ሙሉ ውሸት ስታጋልጥ ኖራ፣ አንዲት ውሸት በቸገረቻት ሰዓት ከአፏ አልወጣ አለቻት።

«እኔ ነኝ» አለች አያን። «ሳላውቅ ነው፣ አባዬ። አንተን ላድን ብዬ ነው።»

«እኔ አድኑኝ አልኩ?»

ጎንበስ ብሎ ያልተሳለችውን ጩቤ ከመሬት አነሳ፤ አቧራዋን በሽርጡ ጠርጎ በፍየል ቆዳዋ መልሶ ጠቀለላት። ኑርሀን አልከለከለችውም። ሚክዳድ ልጁን ቀና ብሎ ሳያይ ወጥቶ ብቻውን ወደ ቤቱ አቀና። አያን ልትከተለው ሁለት እርምጃ ሄደችና ደጃፉ ላይ ቆመች።