ፕላስተር ላይ የተጻፈ ቁጥር

«ጆሮ ጠቢ!»

ቃሉ ከኋላ ወንበር ተወርውሮ ሲሳይ ማጅራት ላይ አረፈ። ሲሳይ አልዞረም። ዘጠነኛ «ለ» ውስጥ ሰባ ስምንት ተማሪ አለ፤ አንዱም ግን አጠገቡ አይቀመጥም።

«ቲቸርን አስበልተህ ትምህርት ትማራለህ አቦ? አታፍርም?» አለ ሌላው።

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ነው። ከጎጃም የመጡት የፊዚክስ መምህር አያልነህ ስለ ሞገድ ሲያስተምሩ፣ «የስልክ ሞገድ ግድግዳ አያግደውም፤ መንግሥታችን ግን ይብሳል፤ ወጣችን ውስጥ ስንት ማንኪያ ጨው እንደገባ ያውቃል!» አሉ። የክፍሉ ሳቅ ጣና ላይ ያለውን ታንኳ ሁሉ አናወጠ። ረቡዕ ዕለት አንድ የመንግሥት ቢሮ ተጠሩና ያችኑ ቀልድ በራሳቸው ድምፅ ከነሳቁ አሰሟቸው። ከሥራ ሊታገዱ ነው ተባለ። የቀረጸውም ሲሳይ ነው የሚል ወሬ ወረታ ከተማን ሦስቴ ዞረ።

የክፍሉ ተማሪ ማህደር ግን ወሬውን አላመነችም። መጽሐፉ ለአምስት አንድ ስለሆነ ትምህርቱን በስልኳ እየቀረጸች ቤቷ ታደምጣለች። የሰኞውንም ቀርጻ ነበር። ማክሰኞ ደግሞ ስልኳ ቻርጅ ላይ ነው የዋለው፤ አጎቷ ሰውመሆን ጋ።

ከትምህርት ቤት እስከ መንደሯ ቁሐር ሚካኤል ያለውን መንገድ፣ በቢጫው የሩዝ ማሳ መሐል፣ ፈረስ እንኳ በማይደርስባት ፍጥነት በረረች።

ቁሐር መብራት የለውም፤ ሰውመሆን ግን ሶላር አለው። ከባሕር ዳር ሲያመጣው ፀሐይ ራሷ ሐሙሲት ድረስ ወርዳ ተቀብላኛለች ይላል። «ጭስ የለው! ናፍጣ የለው! ከጠበል የጠራ ኃይል!» የአገሩ ስልክ ሁሉ እሱ ጋ ይውላል፤ ጀርባው ላይ በተለጠፈ ነጭ ፕላስተር የባለቤቱ ስምና የሚስጥር ቁጥሩ ተጽፎበት። መሙላቱን ከፍቶ ማየት አለበት ተብሎ ነው። ከሰውመሆን ደግሞ ምን ይደበቃል? የማህደርን ስልክ የገዛላት፣ ቁጥሩንም የጻፈላት እሱ ነው።

ስትደርስ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፏል። አይናገርም፤ ያዳምጣል።

«የእትዬ ድንቅነሽ ስልክ አይደል?» አለች፣ ፕላስተሩን አንብባ።

ደንግጦ አወረደው። «ድምፁ ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው፣ እቴ።»

«የኔንም እንዲህ ነው ያየኸው?»

ሰውመሆን ሳቀ። ሲስቅ ሁልጊዜ ከብት ይደነብራል፤ ዛሬ ግን ዝንብ እንኳ አላስነሳም።

«አንቺን ማን ይነካሻል? ስምሽን አላነሳሁም።»

«የማንን አነሳህ?»

የሶላሩን ሽቦ ማስተካከል ጀመረ።

«ጋሼ፣ የማንን?»

«ድምፁን ስሰጣቸው የቢሮው ሰዎች የማን ስልክ ነው ብለው አፋጠጡኝ። ካንቺ ክፍል የማውቀው የአንድ ልጅ ስም ነው። ጠዋት ማታ ሲሳይ መጽሐፍ ሰጠኝ፣ ሲሳይ አስረዳኝ ትይ የለ?»

ስሙን ለሰውመሆን የሰጠችው እሷ ነበረች፤ ወዳው፣ አምናው።

«ሌላ ሶላር ቃል ገብተውልኛል» አለ ሰውመሆን፣ ድምፁን አለስልሶ። «ከዚህ በዐሥር እጥፍ የሚበልጥ። ቁሐር በሙሉ ይበራል፤ አንቺም በፋኖስ ዓይንሽን አታጠፊም። ለማን ብዬ ነው?»

«ቲቸርስ? ሲሳይስ?»

«ይረሳል፣ ማህዲ። ሰው ይረሳል። አንቺ ብቻ አፍሽን ያዢ።»

ማህደር ጥላው ሄደች።

በማግስቱ ዘጠነኛ «ለ» ስትገባ ቀጥታ ሄዳ ሲሳይ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ሂጂ ከዚህ» አላት ሲሳይ፣ ሳያያት። «አንቺንም ጆሮ ጠቢ ይሉሻል።»

«ይበሉኝ።»

መምህር አያልነህ ጠመኔ ሳይሆን የፈተና ወረቀት ታቅፈው ገቡ። «ይህን መልሼላችሁ ልሰናበታችሁ ነው» አሉ። ከኋላ አንዱ በሹክሹክታ የሲሳይን ስም ጠራ።

ማህደር ተነሳች።

«ቲቸር፣ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ስልኬ የዋለበትን ቤትም እናገራለሁ።»

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም» አሉ መምህሩ።

ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁሐር እንደሚደርስ ታውቃለች። ድምጿን ከፍ አደረገች።